በየት በኩል አመለጠ?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ፊደል ያስቆጠራችሁን ሰው ታስታውሳላችሁ። ዋና ያስተማራችሁን፣ ብስክሌት ላይ አውጥቶ የለቀቃችሁን፣ መጀመሪያ ጠላ ያስቀመሳችሁን አጎት ሳይቀር ታስታውሳላችሁ። «ሽንቴ መጣ» ማለትን ግን ማን አስተማራችሁ? ቆም ብላችሁ አስቡት። አያችሁ? ከሁሉ በፊት የተመረቅንበት፣ እስከ ዛሬም በየቀኑ የምንሠራበት ትምህርት ነው፤ የአስተማሪውን ስም የሚያውቅ ግን አንድም ሰው አልገጠመኝም።

እኔ ይህን ጥያቄ ያልጠየቅሁት ሰው የለም። በዘመነ ደርግ፣ ብሔራዊ ውትድርናው በመጣ ሰሞን፣ መንዝ፣ ሞላሌ ከተማ ውስጥ የሳይንስ አስተማሪ ሳለሁ ባልንጀሮቼን ጠይቄአለሁ፣ ገበያተኛውን ጠይቄአለሁ፣ የነፍስ አባቴን ሳይቀር ከቅዳሴ በኋላ አስቁሜ ጠይቄአቸዋለሁ። አባ ጥቂት አሰቡና «ልጄ፣ ይህ እንኳ በመጻሕፍት አልተገለጸም» ብለው መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ደግሞ ስለ ጤንነቴ ጠየቀኝ።

ሰውን ሁሉ እንዲህ የማስቸግረው ወድጄ አልነበረም። ስንዱ የምትባል ሴት ልጅ ነበረችኝ፤ ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት። ለበዓል ስንዱ ናት፣ ለመንገድ ስንዱ ናት፣ ለምግብማ ከሁላችን በፊት ስንዱ ናት። ለዚህ ለአንዱ ነገር ብቻ አልተሰናዳችም።

ባለቤቴ አስካለ በጤና ጣቢያው ስድስት ዓመት በጽዳት ሠርታለች። መርፌ እየቀቀለች፣ ፋሻ እያጠበች፣ ከነርሷ ትከሻ በላይ አሻግራ እያየች ግማሽ ሐኪም ሆናለች። የማታውን ትምህርት እርጉዝ ሆና ጀምራ፣ ስንዱን አዝላ ጨረሰች። በዚህ መሐል ደብረ ብርሃን ለጤና ረዳትነት የሚሰጥ የዘጠኝ ወር ሥልጠና መጣላት። እንዲህ ያለ ዕድል ለአንድ ጽዳት ሠራተኛ ሁለት ጊዜ አይመጣም፤ ካመለጣት አመለጣት ነው።

ልጅቷን ማን ይያዝ? እኔ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ነኝ። እናቴ የምትኖረው ዘመሮ ነው፤ በጎቿን ትታ ሌላ አገር እንኳንስ ዘጠኝ ወር ዘጠኝ ቀን አታድርም። የቀረው ቀበሌው የከፈተው መዋእለ ሕፃናት ነበር። እሱም በሩ ላይ በቀይ ቀለም እንዲህ የሚል ጽፏል፦ «ሽንቱን የማይናገር ሕፃን አንቀበልም።» ሊቀመንበሩ ልጁን በዓይናቸው አይተው ማኅተም ካላሳረፉ መግባት የለም። ሥልጠናው ሊጀመር የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። እንግዲህ የአስካለ ዕጣ ፈንታ እንዳለ በስንዱ ፊኛ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

በገበያ ቀን ወጥቼ ፖፖ ገዛሁ። ነጭ ብረት ነው፤ ጎኑ ላይ ቀይ አበባ የተሳለበት፣ ባለ አንድ ጆሮ። ስንዱ እጅግ ወደደችው። ራሷ ላይ ደፍታ «ወታደር ነኝ» አለች። ገልብጣ በዱላ መታችና ከበሮ አደረገችው። የጨርቅ አሻንጉሊቷን አስተኛችበት። መቀመጥን ግን አልቀመጥም አለች። እኔም ይህ ለምን ሆነ ብዬ ሁለት ቀን ተመራመርኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ጎረቤታችን እማማ ብዙነሽ፣ ደጃቸው ላይ የበግ ጠጉር እየፈተሉ፣ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፣ «አንተስ ብትሆን በዚህ ውርጭ ባዶ ቂጥህን ብረት ላይ ታሳርፋለህ?» አሉኝ።

የመንዝን ጧት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጓሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ እንኳን ብረቱን ሰውየውንም ያደርቃል። እማማ ከበግ ቆዳ ላይ ክብ አድርገው ቆረጡና ለፖፖው አፍ ልክ ሰፉለት። አሁን ፖፖው ጠጉራም ትራስ ያለው ሆነ። ስንዱም ወዲያው ተቀመጠችበት። ተቀምጣ ግን የምትሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ ትዘፍናለች፣ ስለ ድመቷ ታወራኛለች፣ «አባ፣ በግ ሱሪ የላትም?» ትለኛለች። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ስንጨዋወት ቆይተን ደረቅ እንደሆነች ትነሣለች። ሦስት ርምጃ ትሄድና እዚያው ሱሪዋ ላይ ትለቀዋለች።

ሳይንስ አስተማሪ ነኝና ይህ ነገር በጣም ገረመኝ። ለምን ሦስት ርምጃ? ለምን ሁለት አልሆነም? ቁጭ ስትል ወዴት ሄዶ ነው? የበግ ጥያቄዋስ ቢሆን ቀላል ነው እንዴ? እኛ ገጠር ያደግን ሰዎች እስከ አምስት ስድስት ዓመታችን ድረስ ሱሪ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። ከወገብ በታች ነፃ መሬት ነው፤ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲሄድ ይሄዳል፣ ማንም «ተናገር» አይለንም። ችግሩ የመጣው ከሱሪ ጋር ሳይሆን አይቀርም ብዬ ለአስካለ ሳስረዳት ልብሱን እያጠበች ስለነበር አንዱን ሱሪ እንድጨምቅ አቀበለችኝ።

እማማ ብዙነሽ ግን አንድም ቀን ተቆጥተው አያውቁም። ስንዱ በረጠበች ቁጥር ጎንበስ ብለው «አመለጠሽ የኔ እናት? ግድ የለም። ነገ ትናገሪያለሽ» ይሏታል። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። እውነት ነው፣ እንቁላሉ ይሄዳል። አውቶቡሱ ግን ከእንቁላሉ በፊት ሊሄድ ነው።

በዚህ ጭንቅ ላይ ሳለን አያ ደጀኔ ከገጠር መጡ። አያ ደጀኔ የአስካለ አጎት ናቸው፤ ከልጅነት እስከ ሽምግልና በቅሎ ሲነዱ የኖሩ፣ ከመርሐቤቴ እስከ ግሼ ያልረገጡት መንገድ የሌለ። እኔ ለቡና ውኃ ስቀዳ ስንዱ እንግዳ መቀበሏ ነው፤ የገብስ ቆሎ ዘግና አቀረበችላቸው። ዞር ስል አያ ደጀኔ ፖፖውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይቆረጥማሉ።

«መምህር» አሉኝ፣ «ይህች ሣሕን ሸጋ ናት። ጆሮም አላት፣ ትራስም አላት። ከየት አገኘሃት?»

ምን ልበላቸው? እግዜር ይስጣትና ስንዱ አንድም ቀን ስላልተጠቀመችበት ከቤታችን ዕቃ ሁሉ ንጹሑ እሱ ነበር። በኋላ ግን ኅሊናዬ አላስችል አለኝና እውነቱን ነገርኳቸው። አያ ደጀኔ ፖፖውን አዩት፣ ቆሎውን አዩት፣ የቀረችውን ዘግነው ቃሙና «ታዲያ ችግሩ ምንድነው?» አሉ። ችግሩን ከነሦስት ርምጃው ዘረዘርኩላቸው።

«ታፏጭላታለህ?» አሉ።

«ምን?»

«በቅሎም ብትሆን ያለ ፉጨት አትሸናም እኮ። ና ውጣ!»

ደጅ ወጣን። በቅሏቸው አጥሩ ሥር ታስራለች። አያ ደጀኔ ጎኗ ላይ ቆመው ከንፈራቸውን አሞጠሞጡና ዝግ ያለች፣ ቀጭን፣ የማትቆረጥ ፉጨት ጀመሩ። በቅሎዋ ጆሮዋን ቀሰረች። እግሯን ከፈተች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም፤ አጥሩ ግን ያየውን አይቷል። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ገጠር ያደግሁ ነኝ፣ መንገደኛ ለበቅሎው ሲያፏጭ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ለምን እንደሚያፏጭ ግን እስከዚያች ቀን ጠይቄ አላውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይኸው ነው።

በማግስቱ ስንዱን ፖፖው ላይ አስቀምጬ አፏጨሁ። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ዝም አለች። ከዚያ ዓይኗን አንድ ቦታ ላይ ተከለችና ከሥሯ ትንሽ ድምፅ ተሰማ፤ ጥሩ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር የሚሰማው ዓይነት። «አስካለ! አስካለ! ኑ!» ብዬ ጮህኩ፤ አንዷን ሴትዮ በብዙ ቁጥር ጠራኋት። ሦስታችንም ፖፖው ውስጥ አፍጥጠን አየን። ስንዱ ራሷ ከእኛ በላይ ተገርማ «ይኼ ከየት መጣ?» አለች።

ሳምንት ሙሉ ቤታችን ደረቀ። እኔ በኩራት ተነፋሁ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ትዝ ያለኝ በስምንተኛው ቀን ነው። ስንዱን ይዣት በመንገድ ሳልፍ አንድ ገበሬ በሬዎቹን እየነዳ፣ ደስ ብሎት፣ አንድ ዜማ በፉጨት ያወርዳል። ስንዱ ቀጥ ብላ ቆመች። ጫማዋ ሞላ። ከዚያን ቀን ወዲህ አየሁት፣ አገሩ ሁሉ ለካ የሚኖረው በፉጨት ነው። በግ የሚመልሰው ያፏጫል። አናጢው ያፏጫል። የሚፈላው ማንቆርቆሪያ ያፏጫል። ነፋሱማ በበሩ ቀዳዳ ገብቶ ሌት ተቀን ሲያፏጭብን ይውላል፤ እኔ በጭቃና በጨርቅ ቀዳዳ ስደፍን እውላለሁ። የሚያፏጭ ሰው ከሌለ ደግሞ ስንዱ ጠብታ አይወጣትም፤ ሆዷን ይዛ እኔ ከትምህርት ቤት እስክመለስ ትጠብቃለች።

«ልጄን በቅሎ አደረግኻት» አለች አስካለ።

እማማ ብዙነሽም እንዝርታቸውን አቁመው፣ ይህም የነገሩን ክብደት ያሳያል፣ «ልጅ በአፏ ትናገር ነው የተባለው፤ አንተ በጆሮዋ አስገባህላት» አሉኝ።

አንድ ሳምንት ሲቀረን፣ እሑድ ቀን፣ ሕዝባዊ ስብሰባ ተጠራ። ከአውራጃ ትልቅ እንግዳ መጥተዋል። የቀረ ወዮለት ስለተባለ ከተማው በሙሉ ከነልጁ ሜዳው ላይ ተሰለፈ። አስካለ ከሴቶች ማኅበር ጋር ፊት ለፊት ነች። እኔ ስንዱን እሽኮኮ አድርጌ ከመምህራን ጋር ቆሜአለሁ፤ እማማ ብዙነሽ ከጎኔ። ጎረምሶቹ ከዳር ከዳር ናቸው። የምልመላ ሰሞን ስለሆነ አንድ ዓይናቸው እንግዳው ላይ፣ አንድ ዓይናቸው ጥበቃው ላይ፣ እግራቸው ደግሞ ወደ ገደሉ ነው። በዚያን ጊዜ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት የማያውቅ ጎረምሳ አልነበረም።

እንግዳው መድረክ ላይ ወጡ። መፈክር ሊጀመር ነው። ሁላችንም ግራ እጃችንን ጨብጠን አነሣን። ሕዝቡ እያጉረመረመ ስለነበር ሊቀመንበሩ ለጸጥታ ፊሽካቸውን አወጡ።

አየኋቸው። ፊሽካው ወደ አፋቸው ሲሄድ በዓይኔ አየሁት። ነገር ግን ግራ እጄ ሰማይ ላይ ነው፣ ቀኝ እጄ የስንዱን እግር ይዟል፣ ልጅቷን ለማውረድ ሦስተኛ እጅ ያስፈልግ ነበር።

ፊሽካው ተነፋ። መጀመሪያ አንገቴ ሞቀኝ። በዚያ ብርድ፣ ልዋሽ አልፈልግም፣ ለአፍታ ደስ ይላል። ከዚያ በኮሌታዬ ገብቶ በአከርካሪዬ በኩል ጉዞውን ቀጠለ።

እማማ ብዙነሽ አዩት። ደግ ሴት ናቸው፣ ድምፃቸው ግን ገደል ለገደል ለመጠራራት የተሠራ ነው። «ውይ! አመለጠ! ኧረ አመለጠ!» አሉ።

በአገራችን በዚያን ሰሞን «አመለጠ» የሚለው ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። ጥበቃው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«በየት በኩል አመለጠ?» ብሎ ጮኸ።

እማማ የተጠየቁትን መለሱ። «በመምህሩ ጀርባ በኩል ነዋ!»

«ወዴት?»

«ወደ ታች! ወደ ታች እየወረደ ነው!»

ጥበቃው በጀርባዬ በኩል በርሮ አለፈና ቁልቁለቱን ተያያዘው። ጎረምሶቹ ጥበቃው መሣሪያ ይዞ ሲሮጥ ሲያዩ አፈሳ ተጀመረ ብለው በአራቱም ማዕዘን ፈረጠጡ። እነሱ ሲሮጡ እናቶች እየጮኹ ተከተሏቸው። እናቶች ሲሄዱ ውሾች ተከተሉ። አንድም ሰው ሳያመልጥ «አመለጠ» የተባለበት ስብሰባ ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ያመለጠበት ሆነ። ሜዳው ላይ ግራ እጄን እንዳነሣሁ ንቅንቅ ሳልል የቀረሁት እኔ ነኝ። ብንቀሳቀስ ወደ ሱሪዬ ይወርዳል።

እንግዳው በድምፅ ማጉያው «ይህን ጓድ ተመልከቱ! እንዲህ ነው መጽናት!» አሉ። የሚመለከት ሰው ግን አልቀረም ነበር።

በማግስቱ ከነልጄ ቀበሌ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛቸው ላይ ወረቀት ዘርግተዋል፤ ጸሐፊያቸው ብዕር ይዞ ተቀምጧል።

«ጓድ መምህር» አሉ ሊቀመንበሩ፣ «ያመለጠው ማነው?»

«ሽንት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ጸሐፊው ጻፈና ቀና አለ። «የአባት ስም?»

ነገሩን ከበቅሎዋ ጀምሬ አስረዳሁ። ፖፖውን፣ ቆሎውን፣ ሦስቱን ርምጃ፣ ሁሉን። ሊቀመንበሩ ፊታቸው ድንጋይ ነው። «ማስረጃ አለህ?» አሉኝ። ማስረጃዬ ከጎኔ ቆማ ጣቷን ትጠባለች። ሊቀመንበሩ ስንዱን አዩ፣ መሳቢያቸውን ሳቡ፣ ፊሽካውን አወጡና ነፉ። ከወንበራቸው ፊት የተነጠፈ ወፍራም የበግ አጎዛ ነበራቸው። ማስረጃው እዚያ ላይ ቀረበ።

ሊቀመንበሩ አጎዛቸውን አዩና መሳቅ ጀመሩ። ያን ያህል ዘመን ሳቅ ያጠራቀሙ ሰው አይቼ አላውቅም። ጠረጴዛውን እየደበደቡ፣ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ወረቀቱንም ቀደዱት። እፎይ ብዬ ልወጣ ስል ግን ፊታቸው ተመለሰ።

«ሳቁ ሳቅ ነው። የመዋእለ ሕፃናቱ ሞግዚት ልጆቹን የምትሰበስበው በምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ፊሽካውን ከፍ አድርገው አሳዩኝ።

«እስከ ዓርብ ካልተናገረች ማኅተሜን አላሳርፍም። ባለቤትህ ቦታዋን ለሌላ ትልቀቅ።»

በር ላይ ስደርስ ተከትለው መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመሆኑ ይህ ፉጨት... ዕድሜያቸው ገፋ ላሉም ይሠራል?»

«ለማን ነው?»

«ለአንድ ጓድ ነው» አሉና በሩን ዘጉ።

ቤት ስገባ አስካለ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነበር። ነገርኳት። ያጣጠፈችውን ሹራብ መልሳ አወጣች፣ ነጩን ጋወን አወጣች፣ ደብተሮቿን አወጣች፣ ሻንጣውን ባዶውን አልጋው ሥር ገፋችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ስድስት ዓመት የሰው ደም ስታጥብ የኖረች ሴት ዕድሏን ያጣችው ባሏ ጮሌ ልሁን ብሎ ስላፏጨ ነው። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ወጥቼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ስንዱ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ቄሱን ጠይቄአለሁ፣ ዳይሬክተሩን ጠይቄአለሁ፣ በበቅሎ በኩል እንኳ ጠይቄአለሁ፤ እሷን ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

«ስንዱ» አልኳት፣ «ሽንትሽ ሲመጣ በምን ታውቂያለሽ?»

እንደ ሞኝ አየችኝ። «አንተ ስታፏጭ ነዋ።»

«እኔ ባላፏጭስ?»

አሰበች። «እንጃ። አንተስ? አንተን ማን ያፏጭልሃል?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከዚያ የሚበልጥ ጥያቄ በክፍሌ ውስጥ ተነሥቶ አያውቅም። እኔን ማን ያፏጭልኛል? ዓይኔን ጨፍኜ ሆዴን አዳመጥኩ። ሠላሳ አራት ዓመት አብሮኝ የኖረ ነገር፣ አንድ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። «እዚህ ጋ» አልኳት ከእምብርቴ ዝቅ አድርጌ ነክቼ፣ «መጀመሪያ ትንሽ ይከብዳል። ከዚያ ይነዝረኛል። ከዚያ "ውጣ" ይለኛል።»

«ያወራል?» አለች ዓይኗ ፈጥጦ።

«በጣም ዝግ ብሎ። ዝም ያለ ሰው ብቻ ነው የሚሰማው።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስንዱ ሥራ አገኘች። ጆሮዋን ሆዷ ላይ ለመጣል ታጥፋ ትንከባለላለች። የኔንም ሆድ ታዳምጣለች። እኔም ለማስተማር ያህል የመጣብኝን ሁሉ በአዋጅ መናገር ጀመርኩ። «ሽንቴ መጣ!» ብዬ ጮኼ እወጣለሁ፤ ስንዱ ተከትላኝ ትወጣና መምጣቱን በዓይኗ ታረጋግጣለች። እማማ ብዙነሽም ከአጥር ማዶ «ልጆቼ፣ የኔም መጣ!» ማለት ጀመሩ። አስካለ ሁለት ቀን በኩርፊያ ስትወጣና ስትገባ ቆይታ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ፊቷን አዙራ፣ «እ... የኔም መጣ» አለች። ሳቋን ከሰማሁ ሰንብቼ ነበርና ያን ዕለት ስትስቅ ደስ አለኝ።

ልማድ ክፉ ነው። ረቡዕ ዕለት ስምንተኛ ክፍል ገብቼ ስለ ውኃ ዑደት ሳስተምር፣ ጠመኔውን አስቀምጬ፣ በሙሉ ድምፄ «ሽንቴ መጣ!» አልኩ። ከኋላ አንዷ ተማሪ እጇን አወጣችና «መምህር፣ ይህን እንጻፈው?» አለች።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ስንዱ ድመቷን ስታሳድድ ድንገት ቆመች። እጇን እምብርቷ ላይ አደረገች። ማንም አላፏጨም፤ ነፋሱ እንኳ ዝም ያለ መሰለኝ። «አባ» አለች በሹክሹክታ፣ እንዳይበረግግባት እየፈራች፣ «አወራኝ። መጣ።»

ዓርብ ቀበሌ ሄድን፤ አስካለም አብራን ነበረች። ሊቀመንበሩ አጎዛቸውን አስቀድመው አንሥተዋል። ስንዱን መሐል አቆሙና ፊሽካውን ነፉ። ስንዱ ቀጥ አለች። የአስካለ ጥፍር ክንዴ ውስጥ ገባ። ስንዱ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አዳመጠች፣ አዳመጠች፣ ከዚያ ለሊቀመንበሩ አዝናላቸው፣ «አልመጣም» አለች። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን ሲመቱት ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ።

አውቶቡሱ የሚነሣው ቅዳሜ ጧት ነው። አስካለ በመስኮት በኩል ተቀመጠች፤ ስንዱና እኔ ከታች ቆመናል። እኛ አገር ባል ለሚስቱ የሚለው ነገር ጥቂት ነው፤ «ትናፍቂኛለሽ» ደግሞ ከመሐላቸው የለም። ጧቱን ሙሉ ስቀልድ ነው ያረፈድኩት።

«ምነው ምንም አትለኝም?» አለችኝ አስካለ። ዓይኗ ሞልቷል።

«ገብሱን አስፈጭቼ እልክልሻለሁ» አልኩ።

ረዳቱ ፊሽካውን ነፋ። ደንግጬ ስንዱን አየሁ። ስንዱ እጇን ሆዷ ላይ አደረገችና ራሷን ነቀነቀች፤ አልመጣም። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። የአስካለ እጅ ከመስኮቱ ወጥቶ እስኪጠፋ ድረስ አየሁት። ከዚያ ወዲያ ማየት አልቻልኩም።

ስንዱ ቀና ብላ ፊቴን በጣም በጥንቃቄ አየችው። ጣቷን ሰድዳ ጉንጬን ነካችና የረጠበውን ጣቷን ተመለከተች።

«አባ፣ አመለጠህ?»

«አዎ» አልኳት። «አመለጠኝ።»

እጄን ያዘችኝ። «ግድ የለም» አለች። «ነገ ትናገራለህ።»